ዓይኑ የቆመበት መስመር

በደርግ ጊዜ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ደሴ ከሄደች በኋላ፣ ዓባይ ማዶ በተከራየናት አንዲት ክፍል ከአባቴ ጋር ቀረሁ። እሱ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ያስተምራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ፣ ያችኑ አንድ መጽሐፌን ይዤ ደጃፍ እቀመጣለሁ።

እሑድ እሑድ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናነብ ነበር። እኔ በጣቴ እየተከተልሁ፣ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። ወደሚቀጥለው ቃል ስሄድ የፊተኛው ይጠፋኛል፤ ተመልሼ እፈልገዋለሁ። የአባቴ ዓይን ግን በአንድ መስመር ላይ ሦስት አራት ጊዜ ዘለል ዘለል ይልና ወደ ታች ይወርዳል።

"እንዴት ነው እንደዚህ የምትፈጥነው?" አልሁት።

"አንቺ ገና ፊደሉን እያየሽ ነው። ስትለምጂ ቃሉ ራሱ ይታይሻል። የማስተምራቸው ሽማግሌዎችም ዓይናቸው እንዳንቺው ነው።"

የእናቴ ደብዳቤ ሲመጣ በልቡ ያነብና "ደህና ነች፣ ሳምልኝ ብላለች" ይለኛል። አንድ ቀን የመጣው ግን አጭር ነበር። ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተመለሰ፤ ልክ እንደኔ።

"ምን አለች?"

"ደህና ነች" አለና አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። ሳምልኝ ማለቷን አልነገረኝም።

በማግስቱ ሙቀት ስለነበር ኮቱን ትቶ ወጣ። ደብዳቤውን ይዤ ጣና ዳር ሄድሁ። ራቅ ብለው ለታንኳ የሚሆን ደንገል ከሚያጭዱ ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም። የእናቴ ጽሕፈት የተያያዘ ስለሆነ፣ ያችን አንድ ገጽ ለመጨረስ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀሁ።

በነጋታው ጠዋት ሥራ ሊሄድ ሲል "አነበብሁት" አልሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። "ሁሉንም?"

"አንድ ቃል አልገባኝም። የፍቺውን ወረቀት ፈርመህ ላክልኝ ትላለች። ፍቺ የቃል ትርጉም አይደል?"

"እሱም ነው።" ጫማውን ሲያስር ቆየ። "እኔና እናትሽ ተለያየን ማለትም ነው። ከእንግዲህ እዚያው ትኖራለች።"

"እኔስ?"

"አንቺ ከኔ ጋር ነሽ። ክረምት ክረምት ትሄጂያለሽ።"

እያየኝ ስለነበር አላለቀስሁም። ሲወጣ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስሁ፤ ትምህርት ቤትም አልሄድሁ።

ክረምቱ ሲገባ ደሴ ሄድሁ። እናቴ "አደግሽብኝ" ብላ አቀፈችኝ። ደብዳቤውን ግን አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁ። ስመለስ አባቴ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ የዓባይን ድልድይ በእግራችን ተሻገርን። ቤት እስክንገባ ስለ እሷ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።