ጨፌውና ጣሊያን

ጣሊያን አገራችን ሲገባ ጦርነቱን ተጀምሮ ነው ያገኘው። በጋይንትና በስማዳ ወሰን ላይ፣ በአባቴ መንደርና በባሌ አባት መንደር መካከል አንድ ጨፌ ነበር፤ በበጋ እንኳ ሣሩ የማይደርቅ። የኛዎቹ የኛ ነው ይላሉ፣ እነዚያም የኛ ነው ይላሉ። እኔ ገና በእንብርክኬ ስሄድ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እዚያ ጨፌ ላይ የባሌን አጎት በጥይት ገደለው። ጨፌውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሃያ ከብት አያጠግብም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ሽማግሌዎችና ካህናት ሁለቱን ወገን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስታረቁ። የእርቁ ማሰሪያ እኔ ነበርኩ። የገዳይ ወገን ሴት ልጅ ለሟች ወገን ትዳራለች፤ ከሷ በሚወለደው ልጅ የሁለቱ ቤት ደም ይቀላቀልና ቂሙ ይደርቃል ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያለችውን ሙሽራ ደም ማድረቂያ ይሏታል። መሐላው ግን አንድ ነገር ነበረበት፦ በሁለቱ ቤት መካከል እንደገና ሰው ከተገደለ ጋብቻው ይፈርሳል፣ እኔ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ፣ የወለድኩት ልጅ ለአባቱ ይቀራል። ቄሱ ይህን ሲናገሩ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲያዛጋ አየሁት። ለሱ የደከመበት ቀን ነበር።

ባሌ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህ የሽማግሌዎቹ ብልሃት አልነበረም፣ ዕድል ነው። አባቱ ግን ከኔ ጋር ብዙም አይነጋገሩም፤ የገዛ ወንድማቸውን የገደለ ሰው የወንድም ልጅ እንጀራ እየጋገረች ስታቀርብላቸው ምን ይበሉ? በልተው ይነሱ ነበር፤ ያም እርቅ ነው። በሦስተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለድኩ።

ጣሊያን መጣ ሲባል የባሌ አባት ዱር ለመግባት አንድ ቀን አላመነቱም። ገብስ ቁዪ አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቆልቼ ፈጭቼ በሶውን በትልቅ ስልቻ ሞላሁ፣ አፉንም በቀይ ክር ሰፋሁት። በቅሎዋ ልትጫን አንድ ቀን ሲቀራት ጎረቤታችን ከወገዳ ገበያ ወሬ ይዞ ተመለሰ፦ የአካባቢው አርበኞች አጎቴን አለቃቸው አድርገው መርጠዋል።

የባሌ አባት ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ወንድሜን የገደለውን ተከትዬ አልዘምትም» አሉ። ቤት መቀመጥም አይቻልም ነበር፤ ያልወገነን ሰው ሁለቱም ወገን ይዘርፈዋል። በማግስቱ በቅሎዋ ተጫነችና ንፋስ መውጫ ወዳለው የጣሊያን ምሽግ ሄዱ። ባሌም አባቱ ስለሄዱ ሄደ፤ አሥራ አምስት ሰው ተከተላቸው። ባለ ቀይ ክሩ ስልቻ በቅሎዋ ጎን ላይ ሲወዛወዝ አየሁት። የአርበኛ ሚስት ልሆን ተነሥቼ የባንዳ ሚስት ሆኜ ቀረሁ፤ በሶው ግን ያው በሶ ነበር።

የምሽጉ አዛዥ የባሌን አባት እጅግ ይወዳቸው ነበር አሉ። ካባ አለበሳቸው፣ ለሰዎቻቸው ሁሉ አዲስ ጠመንጃ ሰጠ። የጣሊያንን መንግሥት ወደው የገቡ መስሎት ነበር። ስለ ጨፌው የነገረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወንድሜ ከአጎቴ ጋር ዱር ገብቷል፣ ባሌ ምሽግ ነው። ተኩስ ተደረገ በተባለ ቁጥር ሌላው ሰው ማን አሸነፈ ይላል፤ እኔ ማን ሞተ፣ የገደለውስ ማን ነው እላለሁ። ባሌ ወንድሜን ከመታ፣ ወይም ወንድሜ ባሌን፣ ሁለት ሰው ላጣ ነው፦ አንዱን በጥይት፣ ልጄን በመሐላ።

ይህን ከኔ ይልቅ ቀድመው ያሰቡት የባሌ እናት ናቸው። ልጄ ገና ዓመት ሳይሞላት የላም ወተት በጣታቸው ያስልሷት ጀመር። ከኔ ጎን አንሥተው ከሳቸው ጋር አስተኟት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ድንገት የሄድሽ ዕለት እንዳታለቅስ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ክፋት አልነበረባቸውም። ያንገበገበኝም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ውጊያው ወደ ጨፌው ተጠጋ። አንድ ቀን ወንድሜና ባሌ በወንዝ ማዶና ማዶ ሆነው ተያይተዋል፣ ሁለቱም ወደ ሰማይ ተኩሰዋል የሚል ወሬ ደረሰኝ። ሌላ ጊዜ ወደ ሰማይ እንደማይተኩሱ ገባኝ። በዚያው ሳምንት እሬት ቆርጬ ጡቴን ቀባሁት። ልጄ አንድ ጊዜ ቀምሳ ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ ወደ አያቷ ሄደች። ማንም አላዘዘኝም። በገዛ እጄ ነው ያደረግኩት።

እሬቱን ከቀባሁ አሥር ቀን እንኳ አልሞላም። የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ፣ ማንም የማይነካቸው ሰው፣ ረፋድ ላይ ወደ ግቢያችን ገቡ። አረማመዳቸው የመርዶ ነበር። «አጎትሽ አርፏል» አሉኝ። ቀጥለው ሳይናገሩ የባሌ እናት ልጄን አንሥተው በጀርባቸው አዘሏት፣ አንቀልባውን ጥብቅ አድርገው አሰሩ። እኔም ነጠላዬን አነሣሁ። የገደለው ማን እንደሆነ የጠየቅኳቸው ቆሜ ነው።

«አውሮፕላን» አሉ። «ከሰማይ ቦምብ ጣለበት።»

ያኔ ተቀመጥኩ። ለአጎቴ ማልቀስ የጀመርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በዚህ አላፍርም።

የባሌ አባት ሲሰሙ በሬ ያርዳሉ ብሎ ሁሉም ይጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከምሽጉ ወጥተው መጡ፤ ባሌና ሰዎቻቸውም ከነጠመንጃቸው ከኋላ ነበሩ። ጭንቅላታቸውን ተላጭተዋል፤ በአገራችን ለቅርብ ዘመድ ሐዘን እንደሚላጩት። በረንዳው ላይ ቆመው ገብስ ቁዪ አሉኝ። ለወዴት ስንቅ ነው አባባ፣ አልኳቸው።

«ያ ሰው ደመኛዬ ነበር። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ግን አማቼ ነው» አሉ። «አማቼን ገድሎ ለኔ ቀለብ የሚሰፍርልኝ ማነው?»

ከዚያ በፊት እኔን አይተው ይህን ያህል ቃል ተናግረው አያውቁም። በሶው እንደተዘጋጀ የተላጨ ራሳቸውን ገልጠው በጨፌው መካከል ተሻገሩ። የወንድሜ ሰዎች አነጣጥረውባቸው ነበር፤ መላጨታቸውን ሲያዩ ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከአባቴ ጋር ተቀምጠው አለቀሱ፣ በሶውንም አብረው በሉ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ቤት አንድ ጦር ሆኖ ተዋጋ። ባሌም ወንድሜም በሕይወት ተመለሱ።

ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ጸሐፊ መጥቶ አርበኛውንና ባንዳውን ለየ። የባሌ አባት ለምን ከምሽጉ እንደወጡ ሲጠየቁ ለአገሬ ብዬ አሉ፣ እሱም ጻፈ። አልዋሹም፤ አገር ሲሉ ያንን ጨፌና በዙሪያው የተጋባውን ሰው ማለታቸው ነው። አሁን በሬዲዮ አንዱ መንግሥት ከሌላው ጋር ተባብሮ ዘመተ ሲባል ስሰማ፣ ጨፌያቸው የት ይሆን እላለሁ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት፤ ንፋስ መውጫ ተምራ መምህርት ሆናለች። አያቷን እስኪሞቱ ድረስ እማዬ ትላቸው ነበር፣ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። በአገራችን እናቱን በስሟ የሚጠራ ልጅ ብዙ ነው፤ ሰውም ልብ አይለውም፣ እሷም ምክንያቱን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ግን ከእሬቱ ቀን ጀምሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ አሥር ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ።