«በሞቴ» ያላልኩት ሰው

ይህን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ተናግሬው አላውቅም። ምንጬ የራሴ ትዝታ ብቻ ነው፤ እርሱም አርጅቷል። በስልሳ አምስቱ ረሃብ ቆቦ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ ተበትነዋል፤ ስለዚህ የምጠራጠረውን እንደ እርግጠኛ ነገር አልጽፍም።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። የሰው አካል ሙቀትንና ጥማትን ቀስ በቀስ ይለምዳል የሚል ትምህርት ተምሬ አምኜበት ነበር። ይመር የሚባል ገበሬ ማሳው ደርቆበት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከደጋ ወረደ፤ ከጎረቤቴም ግቢ ተጠጋ። ወደ አፋር በረሃ ዘልቆ በጥጥ እርሻ ሊቀጠር ቢያስብም ግለቱን ፈራ። እኔ ነኝ «አለማምድሃለሁ» ያልኩት።

በየቀኑ በቀትር በሮቢት መንገድ አስኬደው፣ ውኃውንም ጥቂት በጥቂት እቀንስበት ጀመር። ውኃ ከሚቀዱት ሴቶች አንዷ፣ «መምህር፣ ረሃቡ ያሠለጠነን አንሶ ፀሐዩን ጨመሩበት?» አለችኝ። ይመር ራሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስንመለስ ቤቴ አስገብቼ ዳቦ አቀርብለታለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ» ይለኛል። በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ እንጂ እምቢታ አይደለም። ባለቤት «በሞቴ» ብሎ ይማጸናል፣ ቆርሶ ያጎርሳል፤ እንግዳውም ያኔ ይበላል። ይህን አላውቅም ነበርን? አውቅ ነበር። «በሞቴ» አላልኩም። ዳቦውን አነሣሁ። ዛሬ እርሱ ከበላ ነገ ሚስቱ፣ ከዚያም ልጆቹ፣ ከዚያም በመንገዱ ዳር የተኮለኮለው ሕዝብ ሁሉ ደጄን ይመታል ብዬ ፈራሁ። ያን ፍርሃት ነው ሥልጠና ብዬ የጠራሁት።

አንድ ቀን፣ «መምህር፣ ሰውነቴ የለመደ መሰለኝ፤ አሁንስ ረሃቡም አይሰማኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ነገሩ የሞት ምልክት መሆኑን አላወቅሁም ልል እችላለሁ፤ ዳሩ ግን የእጁን መንቀጥቀጥ፣ የዓይኑን መጎድጎድ አላየሁምን? አየሁ። አይቼም በማግስቱ በቀትር አወጣሁት።

ከአንድ ግራር ሥር «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀመጠ። አልተነሣም። የከለከልኩትን ውኃ አፉ ውስጥ ባፈስለት፣ በአገጩ ወረደ እንጂ አልዋጠውም።

ሰዉ ሁሉ «ረሃብ ገደለው» አለ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ዘመን ስንቱ አልሞተም? ይህ ግን ለእኔ መሸሸጊያ አይሆንም። ስንቱም ቢሞት ይመርን በፀሐይ ያስኬድኩት እኔ ነኝ፤ ዳቦውን ያነሣሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታም አልለምንም፤ ከማን እለምናለሁ?

ሚስቱ ዘይነባ በሐዘኑ ላይ ፊቴ ቆማ፣ «ከመምህሩ ቤት በልቼ መጣሁ፣ የእኔን ለልጆቹ ስጪ ይለኝ ነበር፤ አላህ ይስጥዎ» ያለችኝ ይመስለኛል። ከአፏ ሰምቼው ይሁን፣ ወይስ ከዓመታት በኋላ ኅሊናዬ የፈጠረው፣ ለማረጋገጥ አልቻልኩም። ይህን ብላኝ ከሆነ ግን፣ ላላበላሁት ዳቦ ዝም ብዬ ተመስግኛለሁ።