ለሴቶቹ ክፍል የገዛሁት ሌንስ

ደብረ ታቦር ላይ በካሜራ እንጀራ የምትበላ ሴት ከኔ ሌላ አላውቅም ነበር። የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎች ልጃቸውን ሲድሩ ወንድ ፎቶ አንሺ ሴቶቹ ክፍል ስለማይገባ ሥራው ወደኔ መምጣት ጀመረ። ቀድሞ ሠርጉን ከደጅ ሆኖ የሚያነሣው ሙያውን ያስተማረኝ ባለ ስቱዲዮ ነበር፤ ሙስሊም፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «አንቱ» ነው የምለው። እዚህ ስጽፍ ግን አንቱታው አልወጣ ብሎኛል።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ነበር። ክፍሉ መጋረጃ የተጋረደበት ጨለማ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ የሰውን ፊት ኖራ ያስመስለዋል። ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ፍለጋ የሠርጉ ዕለት በጠዋት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ፤ ከመደርደሪያው አንድ ያገለገለ አወጣልኝ።

«ለኔ ካሜራ ይሆናል ጋሼ? ፎከሱን ራሱ ይይዛል?»

«የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ምን ያጣላቸዋል?» አለና ገጠመው። ጠቅ አለ።

እዚያው አብርቼ መሞከር ነበረብኝ። ግን አባት የሚሆን ሰው ደህና ነው ያለውን ዕቃ ፊቱ ላይ መፈተን «ዋሽተዋል» ማለት ነው፤ አሳዳጊ የበደላት ያሰኛል። ሒሳቡን ከፍዬ፣ ጎንበስ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ይሉኝታ ይሉታል። እኔ ዛሬ ጅልነት ነው የምለው።

ሴቶቹ ክፍል ገብቼ ቁልፉን ብጫን ሌንሱ ንቅንቅ አላለም። ነቀልኩ፣ ገጠምኩ፤ ያው ነው። የፎከሱን ቀለበት በእጄ እያዞርኩ ማንሣት ጀመርኩ። ከእብናት የመጡት የሙሽራዋ አያት ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ሻሻቸውን አስተካክለው ከልጅ ልጃቸው ጎን ተቀመጡና «እንዴት ልሁንልሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እንዲሁ ይሁኑ እማማ።»

ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው። ለኔ ለክርስቲያኗ ለብቻ የተሠራው ሽሮ ሲቀርብልኝ በአንድ እጄ እየጎረስኩ በሌላው ቀለበቱን አዞር ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳየው የመጋረጃው አበባ ይቆጠራል፤ የሳቸው ፊት ጉም ነው።

ጋሼን ጠየቅኩት። «ሌንሱ ምን ይሆናል? እጅሽ ገና ነው» አለኝ። አመንኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አራት ዓመት ሙሉ እጄን እየረገምኩ ያንን ቀለበት ሳዞር ኖርኩ።

በመካከሉ አያትየዋ ሞቱ። ሙሽራዋ ፎቷቸውን ላሳድግ ብላ መጣች። ሦስቱንም አሳየኋት። ብዙ አየችና «ይኼ እኮ መጋረጃችን ነው» ብላኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አምና ጋሼ የራሱን ልጅ ሲድር ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ሴቶቹ ክፍል እሱም አይገባማ። ካሜራዬንና ያንን ሌንስ ሳወጣ አየና፦

«ኧረ ተዪው! ያንቺ ካሜራ ፎከስ የሚያዞር ሞተር የለውም፤ ይኼን ሌንስ የት ያዞርልሻል? የኔን ያዢ። የልጄ ሠርግ ነው፣ እንዳይበላሽብኝ።»

እንዲሁ እንደ ዋዛ ነው ያለው። ያለውን እሱ ራሱ አልሰማውም፤ ጥፋቱ የእጄ እንዳልነበር የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሌንሱን በሱ ካሜራ ገጠምኩ። በዚህኛው ጊዜ ፊቱ ላይ አበራሁትና በቀጥታ ወደሱ አነጣጠርኩ። ዝዝ ብሎ ዞረ፤ የሽፋሽፍቱን ፀጉር ለቅሞ ያዘ።

«ምነው፣ አላመንሽኝም?» አለ እየሳቀ።

«አላመንኩዎትም» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ ሆዴ ግን ቅንጣት አልቀለለም።

ሠርጉን አላበላሸሁበትም። የጋሼ እናት ሙሽራዋ ጎን ተቀምጠው የፊታቸው መስመር ሳይቀር ወጥቷል። ፎቶዎቹን አሳጥቤ ስሰጠው ከሁሉም ሥር የእብናቷን አያት ጨመርኩበት። አንድ በአንድ እያየ፣ እየመረቀኝ፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አለኝ።

«ፊት ከሌለው በምን ይለያል፣ ጋሼ?» አልኩት።