ያልሰማሁት ቀኖና

እናቴ በሞተችበት ዓመት ቀኝ ጆሮዬ ጨርሶ ተደፍኖ ነበር፤ የግራውም እየደከመ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ቢሮ "ኮርታለች" ሲሉኝ፣ ጎረቤት "ብንጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችን" ሲል ዝም አልኩ። ደንቆሮ ከመባል ኩሩ መባል ይሻለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ገና አልፈረሰም፤ ስድስት ቤተሰብ እንኖርበት ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች አራት ወር ሆኗታል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔ ደጃፍ ላይ ልብስ ሳጥብ ውሃ ጠምቷት ስትጠራኝ ቆየች። አምስቱም ቤት ሰምቷል፤ ልጇ አለች ብለው ተዉት። ቢጨንቃት ራሷ ልትነሳ ሞክራ ወደቀች። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ የነፍስ አባታችን መጡ። ከኡራኤል በእግራቸው የሚመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። "እናቴ ስትጠራኝ አልሰማሁም" ብዬ ተናዘዝኩ። ለምን እንዳልሰማሁ ግን አልነገርኳቸውም። አንገታቸውን ደፍተው ረጅም ነገር ተናገሩ። የሰው ከንፈር ማየት ለምጄ ነበር፤ የሳቸውን ግን ጢማቸው ሸፍኖታል። ቀኖና እየሰጡኝ እንደሆነ ገባኝ። ስግደት ይሁን ጾም፣ ስንት ቀን እንደሆነ፣ አንዱንም አልያዝኩም።

ጮክ ይበሉልኝ ማለት እችል ነበር። ግን ከጎረቤት የሚለየን ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። ለኔ እስኪሰማኝ ከተናገሩ ግቢው በሙሉ ኃጢአቴን ከነቅጣቱ ይሰማዋል። "እሺ አባ" አልኩና ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም እህልም አልሆነልኝም። የታዘዝኩትን ካላወቅሁ ሁሉንም ላድርገው ብዬ ሰገድኩ፣ በፍስክ ቀን ሳይቀር ጾምኩ፣ ዳዊት ደገምኩ። ጉልበቴ አበጠ። አርባ ታዞ መቶ የሰገደስ ምንም አይደል፤ መቶ ታዞ አርባ የሰገደ ምን ይሆናል? ደግሞ ምናልባት ቀኖናም አልነበረ ይሆናል። ምናልባት "ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?" ብለው አጽናንተውኝ ይሆናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትራሱን ነክሼ አለቅስ ነበር።

በሁለተኛው ወር ተመልሰው መጡ። ቆርጬ ነበር፤ "አባ፣ ጆሮዬ እኮ አይሰማም" ልላቸው። እሳቸው ግን በግራዬ በኩል ጠጋ ብለው ተቀመጡና ቀድመው ጠየቁኝ። ከልባቸው ስለነበር ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሰማኋቸው።

"ፈጸምሽው ልጄ?"

የጎረቤት ሴቶች በራፋችን ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

"አዎ አባ፣ ፈጽሜያለሁ።"

ፊታቸው በራ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ፈቱኝ፤ እኔም ተሳለምኩ። እንባዬን የደስታ መሰላቸው።

የተፈታ ሰው ይቆርባል። እሁድ ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄድኩ። ሰው ሲገባ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። እናቴን ያልሰማት ጆሮዬ ነው፤ እሳቸውን የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ከዓመት በኋላ እሳቸውም አረፉ። እስከ ዛሬ አልቆረብኩም።