የዘለልኩትን ማን ነገረኝ?

ደብረ ብርሃን የካህናት ማሠልጠኛ በጸሐፊነት በገባሁበት ቀን የቃለ ጉባኤ መዝገብና አንድ ምክር ተረከብኩ። «እዚህ ቤት ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አያስብም» አሉኝ የቦርዱ ሰብሳቢ ሊቀ ጠበብት።

ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ሳለሁ ዲን የሚመረጥበት ጊዜ ደረሰ። ማስታወቂያውን የተየብኩት እኔ ነኝ፦ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የኮምፒውተር ችሎታ። በዚህ መስፈርት ሐዋርያት ቢያመለክቱ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አያልፉም ነበር።

ሁለት ሰዎች ቀረቡ። የአንኮበሩ መጋቤ ሐዲስ ጥላዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጉባኤ ቤት ቅዱሳት መጻሕፍትን ለተማሪ ሲተረጉሙ የኖሩ ናቸው፤ ዲግሪ ስለሌላቸው ቦርዱ «በልዩ ሁኔታ» አስገባቸው። መምህር ሀብቴ የነገረ መለኮት ምሩቅ ነው። የከተማው ወሬ ለሽማግሌው ያደላ ነበር። የእኛ አገር ሰው ጋቢው ያረጀበትን ሁሉ ሊቅ ነው ስለሚል፣ እኔ ወሬውን አልሰማሁትም።

ፈተናው በተማሪዎች ፊት አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ከነአንድምታው መተርጎም ነበር፤ ለሁለቱም ያው ምዕራፍ። መጋቤ ሐዲስ እንደ ወንዝ ወረዱት። አንድም ተማሪ ትንፍሽ አላለም። መምህር ሀብቴ መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን አንድ የእነዋሪ ዲያቆን ተነሣ።

«ይቅርታ፣ መምህር፤ አንድ ትርጓሜ ዘለሉ።»

«የቱን?»

ዲያቆኑ ተናገረ።

«ይህንን አላውቀውም። ከማን ተማርከው?»

«ሰላ ድንጋይ፣ ከየኔታ።»

«በል ና፣ እዚህ ቁምና ንገረን» አለና ዲያቆኑ በለቀቀው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ጀመር።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ጻፍ። በተማሪ ታርሟል፤ ብቃት የለውም።»

«መታረሙን እጽፋለሁ፤ ተቀምጦ መማሩንም እጽፋለሁ። ብቃቱን ግን ቦርዱ ገና አልተነጋገረበትም።»

«የሙከራ ጊዜህ ስንት ቀረው?»

«አንድ ወር፣ ሊቀ ጠበብት።»

መጋቤ ሐዲስ ከኋላ ሳቁ። «ጸሐፊውን አያስፈራሩት! ያንን ትርጓሜ እኔም እኮ ዘልዬዋለሁ። ማን ደፍሮ ነገረኝ? ስንቱን በመቋሚያ አስቀምጬ! ዲኑ እሱ ይሁን፤ ለእኔ ጉባኤ ቤቴ ይበቃኛል።»

ይህንንም ቃል በቃል ጻፍኩት።

ሀገረ ስብከቱ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ መምህር ሀብቴን ሾመ። በወሩ የእኔም የቋሚነት ደብዳቤ ተፈረመ፤ ሰብሳቢው ሲፈርሙ ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ መዝገብ ሞልቻለሁ፤ የምኮራው ግን በዚያ ገጽ ነው።

ማሠልጠኛ የሚመራ ሰው ብዙ ማወቅ አለበት። ተማሪው ሳይፈራ የማያርመው ከሆነ ግን የሚያውቀው አይበቃም።