ደርቤ የሰፋው ጥቁር

ልብስ ሰፊው ደርቤ በደባርቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ኖሯል። በከተማው ደርቤ ጉልበቱን ያልጣፈው ሱሪ የለም ቢባል የተጋነነው በጥቂቱ ነው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ቀና የሚለው ክሩ ሲበጠስ ብቻ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዘንድሮ በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን አለባበስ የተለከፈው።

ነገሩን ያመጣው ሰልባጅ ነው። አንድ ቀን ከፈታው ቦንዳ ውስጥ ጥቁር ቀሚስ ወጣ። ኮሌታው አገጭ ይገፋል፣ እጅጌው ትከሻው ላይ እንደ ዱባ ተነፍቷል፣ ወገቡ ለሰው ሳይሆን ለተርብ የተለካ ይመስላል። ከጉሮሮ እስከ እምብርት ሠላሳ ስድስት ቁልፍ አለው። ደርቤ ቀሚሱን ገልብጦ የውስጥ ስፌቱን ሲያይ ምሳውን ረስቶ ዋለ።

«ይህን የሰፋ ሰው ቸኩሎ አያውቅም» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲያ የከተማው ልጃገረዶች ስልክ ውስጥ ያለው የዱሮ ሥዕል ሁሉ ወደ እሱ ሱቅ ጎረፈ። «ቪንቴጅ» ይሉታል። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ እየጠፋባቸው፣ መብራት ያልነበረበት ዘመን ናፈቃቸው። ሻይ ቤት ውስጥ ደግሞ «ንጉሣችን ለጻፉላት ደብዳቤ መልስ የነፈገች ንግሥት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ቀሚስ ላከችልን» እየተባለ ተሳቀ።

ደርቤ ግን የሚስቅበት ሆድ አልነበረውም። ታናሽ ወንድሙ ፀጋው በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ነበር። ኅዳር ላይ ስልኩ ተዘጋ። አብረውት የወረዱት ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም፤ ሲጠየቁም «እኛ ወደ ሌላ እርሻ ተዛወርን» ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከዳባት በላይ ባለችው መንደር ብቻቸውን የሚኖሩት እናታቸው፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ በየቅዳሜው በገበያተኛ «ልጄ ደወለ ወይ?» ብለው ይልካሉ። ደርቤም በየቅዳሜው «ደውሏል፣ ደህና ነው» ይላል። አንዴማ «ወፍሬያለሁ ብሏል» ብሎ ጨመረበት። ይህን ካለ በኋላ እናቱ ፊት መቆም አቃተው፤ ወደ መንደር መሄዱን ትቶ ስፌቱ ላይ አቀረቀረ። ሠላሳ ስድስት ቁልፍ የሚተክል ሰው ለማሰብ ጊዜ አያገኝም።

በጥር መምህርት ማህደር ልታገባ ሆነ። ነጩን ቬሎ ለሰርጉ አቆይታ፣ ከሰርጉ በፊት ለሚነሱት ፎቶ ለራሷና ለአምስት ሚዜዎቿ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ አዘዘች።

«ጥቁር? ለሙሽራ?» አላት ደርቤ።

«ነጩንማ ማን ያልለበሰው አለ ጋሽ ደርቤ።»

«ንግሥቲቱ እኮ ጥቁር የለበሰችው ባሏ ሞቶባት ነው አሉ። አርባ ዓመት ከል።»

«የእሷ ኀዘን ነው፤ የእኛ ስታይል ነዋ።»

«ጨርቁ ይህን በምን ይለያል?»

ማህደርና ሚዜዎቿ ሳቁበት። ፎቶ አንሺው ይግዛው ጭራሽ «ለሥዕሉ አንድ ሽማግሌ ያስፈልገናል» ብሎ ለደርቤ ለራሱም ጉልበት የሚያልፍ ጥቁር ካፖርት አሰፋው። ፎቶው የሚነሳው ከዳባት በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ፣ ብርሃኑ ለስላሳ በሚሆንበት ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ ነው ተባለ። ወደ አፋፉ የሚወስደው መንገድ በእናቱ ደጃፍ ያልፋል። ደርቤ ይህን ለማንም አልተናገረም። እግረ መንገዴን ሰላም እላታለሁ፣ እንዲህ ሰው ከብቦኝ ስታየኝ ስለ ፀጋው አትጠይቀኝም ብሎ አሰበ።

ሚኒባሱ መንገዱ ያለቀበት ላይ አወረዳቸው። ውርጩ ሣሩን አድርቆታል። ይግዛው «የዱሮ ሰው ፎቶ ላይ አይስቅም፤ ከአሁኑ ፊታችሁን ልመዱት» ብሏቸው ስለነበር ሴቶቹ ፊታቸውን አጨፈገጉ። እግራቸው ወለም እንዳይላቸው ደግሞ አቀርቅረው፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ደርቤ በካፖርቱ ከፊት ይመራል።

በዚያ አገር ጥቁር የለበሱ ሰዎች ገና ሳይነጋ፣ ተሰልፈውና አቀርቅረው የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ከቤቱ ሳለ ነው።

መጀመሪያ ያዩአቸው የእናቱ ጎረቤት አያ ዋሴ ናቸው። አንዳች ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከኋላ ተከተሉ። ቀጥሎ ያለው በር ተከፈተ፤ ሁለት ሴቶች ወጡ። ከዚያ ሌላ በር። ደርቤ ኮቴው በዝቶበት ዞር ሲል ግማሽ መንደር ተከትሎታል።

«አያ ዋሴ፣ ምንድን ነው?»

«አንተው ታውቀው የለ» አሉ ቀስ ብለው። «ሂድ፣ አይዞህ። ደጋፊ አለህ።»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። አልጮኹም። የበሩን መቃን ያዙ።

«ፀጋውን ነው?»

«ኧረ ደህና ነው እማዬ። እንዲያው ዝም ብለን ነው የመጣነው።»

ከኋላው ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነውና።

«ፎቶ ልንነሳ ነው» አለ ደርቤ። «ልብሱን እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

«እውነቱን ነው እማማ» አለች ማህደር፣ «ለሰርጌ ነው።»

«ለሰርግ፣ በዚህ ልብስ?» አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ። አያ ዋሴም «ተዪው ልጄ፣ አታድክሚያቸው» አሏት።

ደርቤ የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየፈታ ዘመኑን፣ ንግሥቲቱን፣ ሰልባጁን አስረዳ። ባስረዳ ቁጥር ልቅሶው ጨመረ። እናቱ ብቻ አላለቀሱም፤ ዓይን ዓይኑን ያያሉ።

«ቅዳሜ ደውሎ ነበር አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያስ አሁን ደውልለት። ድምፁን ልስማው።»

ስልኩን አወጣ። ሁለት ወር ሙሉ ያንን ቁጥር በደወለ ጊዜ የመለሰችለት ያቺ የማትሰለች የማሽን ሴት ናት፤ ዛሬም እሷን ጠበቀ። ስልኩ ግን ጠራ። እናቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ይጠራል» አለ ለሁሉም። ልቅሶው ጸጥ አለ።

ስልኩ ተነሳ።

«ፀጋው? አንተ ፀጋው?»

የማያውቀው የወንድ ድምፅ ነው፤ የረጋ። «ማን ልበል?»

«ደርቤ ነኝ፣ ወንድሙ።»

«ወንድሜ፣ ስልኩን ከዕቃው መሐል አግኝተን የከፈትነው ትናንት ነው፤ ዘመድ ቢደውል ብለን» አለ ሰውዬው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠገብህ ሰው አለ?»

ደርቤ ቀና አለ። እናቱ መቃኑን አልለቀቁም። አያ ዋሴ ሁለት እርምጃ ቀርበው በስተኋላው ቆመዋል። ሴቶቹ በጥቁራቸው አጥሩን ይዘው ተሰልፈዋል።

«አለ» አለ። «ሁሉም አሉ።»