በፊልም ማስታወቂያ የተነገረ መርዶ

ድምፅ ቀጂ የሆንኩ ዕለት ያስያዙኝ የቀለም ቀቢ ዘንግ ነበር። ጫፉ ላይ ማይክ በፕላስተር ታስሮበታል። ቦታው አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለ አፓርታማ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ዳይሬክተራችን ሀብታሙ «ታዴ፣ ማይኩ ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ፣ ሌላው ቀላል ነው» አለኝ። ቀላል አልነበረም። ሀብታሙ ማድረቂያ ማሽኑን ባጠፋ ቁጥር አንዲት ሴትዮ መጥታ መልሳ ታስነሳዋለች። ከዚያ ቀን ቀረጻ በደንብ የተሰማው የሴትዮዋ ስድብ ብቻ ነው።

ጊዜው ዲጂታል ካሜራ ረከስ ብሎ ሁሉም ዳይሬክተር ልሁን ያለበት ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሹትል እነዳለሁ፤ መሪ ተዋናያችን ዳዊት አረጋውያን መጦሪያ ይሠራል። ቅዳሜና እሁድ ፊልም ሠሪዎች ነን።

ከቀረጻ በኋላ ሀብታሙ ሊትልተን ያለው ቤቱ ወስዶ፣ ከሥሩ ባለው ቤዝመንት ውስጥ የቆዩ ርካሽ የአሜሪካ ፊልሞች ያሳየናል። ደም፣ መጋዝ፣ ራቁት ገላ፣ ሰው የሚበላ ሰው። ይህን የሚሠራ፣ ይባስ ብሎ ከፍሎ የሚያይ ፍጡር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን አማተብኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እነዚህም እንደኛ ገንዘብ አልነበራቸውም» ይላል ሀብታሙ። «ሰው ካስደነገጥክ ባጀት አያስፈልግህም።»

እኔም ዓይኔን እንደጨፈንኩ በጆሮዬ ተማርኩ። ሥጋ ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ ጥቅል ጎመን በቢላ ሲወጋ መሆኑን፣ ከጩኸት በፊት ጸጥታ ካልቀደመ ጩኸቱ እንደማያስፈራ ያወቅኩት እዚያ ነው።

አንድ ቀን የአንዱ ፊልም ማስታወቂያ «ተዋናዩ በቀረጻው ላይ በእውነት ሞቷል!» ሲል ሀብታሙ ከሶፋው ተፈናጥሮ ተነሣ። ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ያስደሰተውም ይኸው ነው። በሳምንቱ የዳዊትን ፎቶ በጥቁር ክፈፍ አሳተመ። «ወጣት ዳዊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ይላል። ከሥሩ ጉንዳን በሚያህል ፊደል «በቅርብ ቀን በፊልም» ተጽፏል። ዳዊት አይቶ ሳቀ። እኔ «በሞት አይቀለድም» ብል፣ «ታዴ፣ አንተ ድምፅህን ቅዳ» ተባልኩ። ዓርብ ከሰዓት አውሮራ ያሉ የሐበሻ ሱቆች በር ላይ ለጠፈው።

የኛ ሰው መርዶ ሲሰማ አፉን ይይዛል። ቤተሰብ በስልክ እንዳይሰማ ይጠነቀቃል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ሄደው ያረዳሉ። ስለዚህ ከተማው ሁሉ የዳዊትን ሞት አውቆ፣ ለእናቱ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ለዳዊት የደወሉ ነበሩ። ግን ቅዳሜን ቀረጻ ላይ ዋልን፤ ስልክ ደግሞ ማይኩን ስለሚያስጮኸው ይጠፋል። ዳዊት ማታ ሲከፍተው የጥሪውን ብዛት አይቶ፣ «ከመጦሪያው ነው፣ ተጨማሪ ሺፍት ሊሰጡኝ ነው» ብሎ መልሶ አጠፋው።

እሁድ ማለዳ ሴንቴኒያል ወዳለው የዳዊት እናት የእማማ ተዋበች ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ልንቀርጽ ሄድን። መንገዱ በመኪና ተሞልቷል።

«ማዘር እንግዳ አላት እንዴ?» አለ ዳዊት።

ከቤቱ ውስጥ ጩኸት መጣ። «ዳዊቴን! ልጄን!» በዚያ ቤዝመንት ስንት ጩኸት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም።

በሩን የከፈቱት፣ ሊያረዱ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ዳዊትን የካሜራውን ትራይፖድ እንደተሸከመ ሲያዩ «በስመ አብ!» ብለው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። እማማ ተዋበች ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። ዳዊት ሮጦ ተንበረከከ። እናቱ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ደረቱን ዳሰሱት። ከዚያ በጥፊ አጮሉትና አንገቱን አንቀው አለቀሱ። ሁላችንም አለቀስን።

ሁላችንም ስል አንድ ሰው ሲቀር ነው። ሀብታሙ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «ታዴ፣ ሬኮርድ አድርገሃል?» አለኝ።

መቅረጫው ትከሻዬ ላይ ነው፤ አልተከፈተም።

«አላደረግኩም» አልኩት።

«ወይኔ! እንዲህ ያለ ለቅሶ ከየት ይገኛል!»

እማማ ተዋበች ሰሙት። «ምንድን ነው የሚለው?» አሉ። ዳዊት አቀርቅሮ፣ ፖስተሩ የፊልም ማስታወቂያ መሆኑን፣ ሀብታሙም ለቅሷቸውን ለፊልሙ እንደፈለገው ነገራቸው። ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ለቅሶ ነው የፈለግከው ልጄ? አለቅስልሃለሁ። የሞተው ማን ይባላል?»

ሀብታሙ ፊቱ በራ። «ስም አያስፈልግም እማማ፣ አክቲንግ እኮ ነው።»

«ስም የሌለው ሰው አይለቀስም። እንግዲያው ያንተን ስም እየጠራሁ ላልቅስ?»

ሀብታሙ አመድ መሰለ። «ኧረ እማማ፣ በእግዚአብሔር! እናት አለችኝ እኮ!»

«እኔስ ለዳዊት ምኑ ነኝ?» አሉት።

ሀብታሙ ወጥቶ፣ የለጠፈውን ሁሉ በየሱቁ እየዞረ ሲልጥ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ፊልም ላይ ድምፅ ቀድቻለሁ። የለቅሶ ትዕይንት ሲኖር ማይክ ከመክፈቴ በፊት የሟቹን ስም እጠይቃለሁ። የተዋናዩ የራሱ ስም ከሆነ፣ እስኪቀየር ድረስ አልቀዳም።